ለእንጀራ ስለ ተጻፈ አንድ ቫልስ

የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የክሎድ ደቢሲ ስም በተነሣ ቍጥር «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለው ቃል አብሮ ይነሣል። እርሱ ግን ይህን ቅጽል አይወደውም ነበር፤ በ1908 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን የሚያዘወትሩትን ሰዎች ሞኞች እስከ ማለት ደርሷል። እኔም ስለ «ቫልስ ሮማንቲክ» ስናገር ቅጽሉን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ይህ ለፒያኖ ብቻ የተደረሰ ሥራ በ1890 ሲወጣ ደቢሲ ዕድሜው ወደ 28 ዓመት ነበረና፣ ዓለም በኋላ ያወቀው ደቢሲ ገና አልሆነም ነበር።

ቫልስ በሦስት ምት የሚሄድ የዳንስ ዜማ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ይከብዳል፣ ሁለቱ ይቀላሉ። በፒያኖ ሲመታ ግራ እጅ እርምጃውን ይጠብቃል፣ ቀኝ እጅ በላዩ ያዜማል። ይህን መንገድ ከደቢሲ በፊት ያቀናው ሾፓን ነው፤ ደቢሲም በልጅነቱ ፒያኖ ያስተማሩት እመቤት የሾፓን ተማሪ እንደ ነበሩ ያምን ነበር።

እንግዲህ በ1889 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የጃቫን ሰዎች የነሐስ ሙዚቃ ሰምቶ የተደነቀ ሰው፣ በማግሥቱ ዓመት ስለ ምን የሳሎን ቫልስ ጻፈ? ችግር ነዋ! በ1884 ትልቁን የሮማ ሽልማት ቢያገኝም፣ ከሮማ ከተመለሰ በኋላ ኪሱ ባዶ ነበርና ትንንሽ የፒያኖ ድርሰቶች ለአሳታሚዎች ይሸጥ ነበር።

ከነዚሁ አንዱ የሆነው «ሬቨሪ» በ1905 እንደ ገና ሲታተም ደራሲው አዘነ፤ በችኮላና ለገንዘብ ሲል የጻፈው የማይረባ ነገር መሆኑን ለአሳታሚው ነገረው። ይህንኑ ፍርድ በቫልሱም ላይ መጫን ይቻል ይሆናል። እኔ ግን አልጭንም። ደራሲ በወጣትነት ሥራው ቢያፍር መብቱ ነው፤ የአድማጭ ጆሮ ግን በደራሲው ኀፍረት አይታሰርም። ደግሞስ ለእንጀራ መሥራት ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? እኔ የምጠይቀው ሥራው በታማኝነት ተሠርቷል ወይ ብዬ ነው።

ተሠርቷል። ጕድለቱን አልደብቅም፤ አንዳንድ ስፍራ የታላቅ ወንድሙን ኮት እንደ ለበሰ ልጅ ልብሱ ይሰፋዋል። ነገር ግን፣ ወጣቶች ሆይ፣ ልብ ብላችሁ ስሙት። ዳንሰኛው እግሩን ሊያሳርፍ ሲጠብቅ ድምፁ ዘወር ይላል፤ ወደ ቤቱ መግባት የማያስቸኵለው መንገደኛ ይመስላል። ይህ አለመቸኰል በ1894 በተሰማው «የፋውን ቀትር መቅድም» ውስጥ ሙሉ ሆኖ ወጣ። እንግዲህ «ኢምፕሬሽኒስት» የተባለውን ስም ብቻ አይቶ፣ በፔዳል ብዛት ቫልሱን ጉም የሚያለብሰው ፒያኖ መቺ ይበድለዋል፤ ሦስቱ ምቶች ጥርት ብለው ካልተሰሙ ዘወር ማለቱም አይሰማምና።

በ1910 ደቢሲ ወደ ቫልስ ተመለሰ። በዚያ ዘመን በፓሪስ ቀርፋፋ ቫልስ ፋሽን ነበርና፣ «ከቀርፋፋም ቀርፋፋ» እንደ ማለት ያለ ስም ሰጥቶ ተጫወተበት። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የኋለኛው በእጅ ጥበብ ይበልጣል ቢለኝ አልከራከረውም። ያኛው ግን በቫልስ ይቀልዳል፣ ይኸኛው ገና በቫልስ ያምናልና፣ ምሽት ላይ ብዙ ጊዜ የማዳምጠው የ1890ውን ነው።