አንድ ሺህ ቤት ያለው ሰሌዳ

ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም ይባላል። ይሁን እንጂ ለጠቢቡ ቅርጹን አስቀድሞ ያዘጋጀለት ማን ነው የሚለው ጥያቄም የሐያሲ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች የምልክት ሥዕል ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ኮሞዶር ፔት ስክሪኑ በ40 ዐምድና በ25 መስመር የተከፈለ ሰሌዳ ነበር፤ 1,000 ቤት ማለት ነው። በየቤቱ የሚገባው አንድ ምልክት ሲሆን፣ ምልክቱም 8 በ8 በሆነ የነጥብ መደብ አስቀድሞ በማሽኑ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ምክንያቱ የሜሞሪ ጥበት ነበር። የሰሌዳውን 64,000 ነጥቦች በተናጠል ለመያዝ 8,000 ባይት ያስፈልጋል፤ 8 ኪሎባይት ብቻ ላለው ማሽን ይህ ለሌላ ሥራ ቦታ አያስተርፍም። ስለዚህ ከላቲን ፊደላት ጎን መስመሮች፣ ማዕዘኖች፣ ቅስቶችና የካርታ መጫወቻ አራቱ ምልክቶች ገቡ።

ከዚህ ጠባብ መዝገብ የወጣው ሥራ ግን ጠባብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ከኮሞዶር 64 ጋር በወጣው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አጭር ፕሮግራም፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ሁለት ሰያፍ መስመሮችን በዕጣ እየመረጠ ሲደረድር፣ ሰሌዳው መውጫው በማይታወቅ የተጠላለፈ መንገድ ይሞላል። ሰያፉ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ትርጉም የሚያገኘው ከጎረቤቱ ነው። ቤት መምታት የለመደ ገጣሚ ይህን ሕግ ያውቀዋል።

ሆኖም እጥረትን የውበት እናት አድርገው ከሚያወድሱት ጋር መስማማት ያስቸግራል። ሁለቱን ሰያፎች የመረጠው የሰው ብልሃት ነው። ያም መዝገብ ለካርታ ጨዋታ ቦታ ሲያገኝ ለአማርኛ ፊደል አላገኘም። በኮሞዶር 64 ተጠቃሚው 256ቱን ምልክቶች በራሱ ሥዕል መተካት ይችል ነበር። 33ቱ ነባር ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ በቁጥር ይገባሉ። የሚተርፉት 25 ቦታዎች ግን ለ26ቱ የላቲን ፊደላት እንኳ አይበቁም። ባለሦስት እግሩ «ጠ»ም «ጤ» ሲሆን የሚታከልለት ቀለበት በ8 ነጥብ ስፋት ውስጥ መጨናነቁ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ገባ፤ ከቤት ኮምፒዩተሮቹ ምልክቶች ቀርተው የነበሩት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከተሉት። እንግዲህ የእነዚያን ሥዕሎች ብልሃት እናድንቅ። ስናደንቅም ሰሌዳው ላይ ቤት ያጣው ማን እንደ ነበረ አንርሳ።