ቆጥሮ መንገር፣ በልብ መያዝ፣ በመዝገብ ማስፈር

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚተረጎሙ የታሪክ፣ የልብ ወለድና የጋዜጣ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ይታያል። ይኸውም የተፈጸመን ነገር መመዝገብንና መንገርን የሚያመለክቱት የእንግሊዝኛ ግሶች የየራሳቸው ታሪክና ክብደት ያላቸው ሲሆኑ፣ ወደ አማርኛ ሲገቡ ግን «ገለጸ» ወይም «ተረከ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለላቸው ነው። ምስክሩም ይገልጻል፤ የችሎቱ ጸሐፊም ይገልጻል፤ የታሪክ ምሁሩም ይገልጻል። ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቸልታ ማለፍ በተቻለ ነበር። ይሁን እንጂ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ይናገር፣ ከሌላ የሰማውን ያስተላልፍ፣ ወይስ ብዙ ወሬ አገናዝቦ የራሱን ፍርድ ይስጥ፣ አንባቢው በቅድሚያ የሚለየው በግሱ ነው። የግሱ ልዩነት ሲጠፋ የተናጋሪው ኃላፊነትም አብሮ ይጠፋል።

ከግሶቹ መካከል በዕድሜ የሚቀድመውና በሕዝቡ አፍ የሚዘወተረው «ቴል» ነው። ዛሬ ነገረ ማለት ይሁን እንጂ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መቁጠርንም ጭምር ያመለክት ነበር። በባንክ ገንዘብ ቆጥሮ የሚከፍለውና የሚቀበለው ሠራተኛ እስከ ዛሬ «ቴለር» መባሉ የዚሁ ቅሪት ነው። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በጀርመንኛም «ጼለን» ቆጠረ፣ «ኤርጼለን» ደግሞ ተረከ ማለት ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የገዢዎቹ ፈረንሳይኛና የሊቃውንቱ ላቲን በሕዝቡ ቋንቋ ላይ ተደረቡ። «ሪካውንት» የገባው በዚህ በር ነው። የእርሱም ሥር ቢሆን ማስላትንና መቁጠርን የሚያመለክት የላቲን ግስ ነው። ገዢውና ተገዢው በቋንቋ ቢለያዩም ያለፈን ነገር መንገር ማለት አንድም ሳያጎድሉ በተራ ቆጥሮ ማስረከብ መሆኑን በየቃሎቻቸው መስክረዋል።

«ሪኮርድ» ግን ከሌላ ሥር የበቀለ ነው። በላቲን «ኮር» ልብ ማለት ሲሆን፣ «ሪኮርዳሪ» ነገሩን ወደ ልብ መመለስ፣ ማለትም ማስታወስ ነው። ዛሬ ሪኮርድ ሲባል ወረቀትና የድምፅ ክር ቢታሰብም፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ቃሉ በችሎት የሆነውን አስታውሶ በቃል መመስከርንም ያመለክት ነበር። የታሪክ ምሁሩ ኤም. ቲ. ክላንቺ ከ1066 እስከ 1307 ያለውን ዘመን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአገሪቱ ሕዝብ እምነቱን ከሕያው ትዝታ ወደ ጽሑፍ ያዛወረው ቀስ በቀስና በብዙ ጥርጣሬ መሆኑን ያሳያል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምስክርን መልሶ መጠየቅ ይቻላል፣ ብራና ግን ተጠይቆ አይመልስም። አማርኛው «መዘገበ» በአንጻሩ ሀብት ማከማቸትን ከሚያመለክተው ከግዕዙ «ዘገበ» ጋር የተያያዘ ነው፤ «መዝገብ»ም በግዕዝ የሀብት ማኖሪያ ነው። እንግሊዝኛው ያለፈውን ነገር በሰው ልብ ሲያኖር አማርኛው በግምጃ ቤት ያኖረዋል።

ዘመን ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣው «ክሮኒክል» ደግሞ ነገሩን ለጊዜ ሥርዓት ያስገዛል። በንጉሥ አልፍሬድ ዘመነ መንግሥት (871–899) መጠናቀር የጀመረው የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል ጥሩ ምሳሌ ነው። የዓመቱ ቁጥር ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ከጎኑ አንድ ወይም ሁለት መስመር ይከተላል። ቁጥራቸው ብቻ ተጽፎ ባዶ የቀሩ ዓመታትም አሉ። በ755 ሥር ግን ጸሐፊው ይህን ልማድ ጥሶ፣ ንጉሥ ኪነውልፍና ተቀናቃኙ ኪነሄርድ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሞቱበትን ግጭት በዚያው አያይዞ በሰፊው ያወሳል። በዚያ ቦታ ላይ መዝጋቢው ተራኪ ሆኗል። አሜሪካዊው ሃያሲ ሄይደን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ድርሰት የዓመታት ዝርዝርን፣ ዜና መዋዕልንና የተሟላ ትረካን ለይቶ፣ መነሻና መድረሻ የተበጀለት ትረካ ከሞራል ፍርድ ነጻ ሊሆን እንደማይችል የተከራከረው ይህን መሰሉን ልዩነት በመመርመር ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕሎች ሁሉ በእንግሊዝኛ «ክሮኒክል» በሚል አንድ ስም ሲጠሩም ልዩነቱ ይሸፈናል። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ ለምሳሌ ያህል፣ የዓመታት ዝርዝር ሳይሆን የዘመቻ ትረካ ነው። ሃንቲንግፎርድ እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም የንጉሡን ድሎች ርእስ ማድረጉ ከሥራው ባሕርይ ጋር የተስማማ ምርጫ ነበር።

«ናሬት» የሚለው ግስ በላቲን ዐዋቂ ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ተራኪው ነገሩን የሚያውቅ፣ አድማጩ ደግሞ የሚያሳውቁት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ይህን ግስ በስኮትላንድ ብቻ የሚነገር ነው ሲል አግልሎት ነበር። ዛሬ ግን የሥነ ጽሑፍ ሂስ ያለ እርሱ አንድ እርምጃ አይራመድም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ ጆንሰን ራሱ ስለ ኢትዮጵያዊው መስፍን ራሴላስ የጻፈው ልብ ወለድ በመጀመሪያ እትሙ «ቴይል» ተብሎ ቀረበ፤ በኋላ እትሞች ግን «ሂስትሪ» የሚል ርእስ ለበሰ። አንዱ መጽሐፍ በአንድ ርእሱ ወደ ተረት፣ በሌላው ወደ ታሪክ ያዘነብላል።

እርግጥ ነው፣ የቃል ሥር የቃል ትርጉም አይደለም። የዛሬው እንግሊዛዊ «ሪኮርድ» ባለ ቁጥር ልቡን አያስብም። ስለሆነም ተርጓሚው በየገጹ ሥር እንዲቆፍር የሚጠይቅ ቢኖር ሥራውን ከማክበድ በቀር አይጠቅምም። ነገር ግን በዛሬው አገባብም ልዩነቱ ሕያው ነው፤ ጸሐፊ የሚመዘግበውን ምስክር አይመዘግበውም፤ ምስክር አንድ በአንድ የሚናገረውን ደራሲ በፈቃዱ ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል።

አማርኛም ለዚህ ድኻ አይደለም። «ዘረዘረ» ነገርን በተራ ማቅረብም፣ ገንዘብን ወደ ሳንቲም መመንዘርም ስለሆነ ለ«ሪካውንት» ከዚህ የቀረበ አቻ አይገኝም። ፊደል የተማረን ሰው «ፊደል የቆጠረ»፣ የትውልድ ሐረጉን የሚያወሳውንም «ዘሩን ቆጠረ» የሚል ሕዝብ የ«ቴል»ን ምሥጢር ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ለትዝታ «ዘከረ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሪኮርደር» ብሎ የተረጐመው የቤተ መንግሥት ሹመት በዕብራይስጥ «መዝኪር» መባሉና ሥሩም የዚሁ «ዘከረ» ወንድም መሆኑ የምርጫውን ትክክለኛነት ያጠናክራል። «አወጋ» ለእሳት ዳር ጨዋታ፣ «መሰከረ» ለዓይን እማኝ፣ «ከተበ» ለጽሑፍ፣ «ዘገበ» ለጋዜጠኛ፣ «ተረከ» ነገሩን አዋቅሮ ለሚያቀርብ ሰው ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ተርጓሚው ግስ ከመምረጡ በፊት «ይህ ሰው ነገሩን ከየት አገኘው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። መምህሩም ተማሪዎቹ የታሪክ ገጽ ሲያነቡ ግሶቹን እንዲያጤኑ ቢያለማምዳቸው፣ የተመዘገበውን ከተወራው፣ የተወራውንም ከተፈረደው የሚለይ አንባቢ ያፈራል። እንዲህ ያለ አንባቢ ባለበት አገር ወሬ በታሪክ ስም በቀላሉ አያልፍም።