የንፍፊት ዘር ቆጠራ

ለላቦራቶሪያችን በሚላከው የጥያቄ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው «ሊምፎማ ነው ወይ? የጂን ምርመራ ይሠራለት» የሚል ነው። ምርመራው ግን ካንሰር መሆን አለመሆኑን አይናገርም። የሚችለው ዘር መቁጠር ብቻ ነው፤ እዚህ ንፍፊት ውስጥ የተከማቹት ሊምፎሳይቶች የአንድ ሕዋስ ልጆች ናቸው ወይስ ከየቦታው የተሰባሰቡ?

ቢ ሊምፎሳይት መቅኒ ውስጥ ሲያድግ የፀረ እንግዳ አካል ጂኖቹን ቆራርጦ በራሱ መንገድ ይገጣጥማል። ቲ ሊምፎሳይትም ታይመስ ውስጥ በራሱ ጂኖች ላይ እንዲሁ ያደርጋል። የመገጣጠሚያው ርዝመት ከሕዋስ ሕዋስ ይለያያል፤ ልጆች ግን የወላጃቸውን ይወርሳሉ። ያንን ቦታ በፒሲአር አባዝተን በርዝመት ስንደረድረው በኢንፌክሽን ያበጠ ንፍፊት ሰፊ ጉብታ ይሰጠናል፣ ሊምፎማ ደግሞ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሹል ጫፍ። ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩበት የፕራይመር (የማባዛቱ መነሻ የሆኑ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ስብስብ ባዮሜድ-2 ይባላል፤ የአውሮፓ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው።

ጫፍ ባዩ ቁጥር መደሰት ግን አያዋጣም። በመርፌ የተወሰደች ቅንጣት ናሙና ስትመጣ ሊምፎሳይቶቿ ጥቂት ናቸው፤ ፒሲአር ደግሞ ያገኛትን ጥቂት ያገንናል። በመጀመሪያው ቱቦ ቆንጆ ጫፍ ይቆማል። ያንኑ ዲኤንኤ በሁለተኛ ቱቦ ስንደግመው ጫፉ ሌላ ርዝመት ላይ ሄዶ ይገኛል። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጋ እዚያው ይቆም ነበር። ኬሚካሉ ውድ ነው ቢባልም ሁለት ጊዜ ሳልሠራ ውጤት አልፈርምም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሆጅኪን ሊምፎማ ነው። አገራችን ውስጥ አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበት ሰው አስቀድሞ ቲቢ ይጠረጠርበታል፤ ተገቢም ነው፣ የንፍፊት ቲቢ እኛ ጋ ብዙ ነው። ሆጅኪንም አንዳንዴ ቲቢ የሚመስል ግራኑሎማ ያሳያል። በሆጅኪን ንፍፊት ውስጥ የካንሰሩ ሕዋሳት እጅግ ጥቂት ናቸው፣ የተቀረው ለእነሱ የተሰበሰበ ጤነኛ ሕዋስ ነው። ስለዚህ ሙሉው ቁራጭ ሲመረመር ሰላማዊ ጉብታ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ያ ወረቀት «ሊምፎማ የለም» ተብሎ ከተነበበ በሽተኛው ተጎዳ። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ጥሩ ስላይድና የካንሰሩን ሕዋሳት የሚያጎላው የሲዲ30 ማቅለሚያ ነው።

ፎርማሊንም የራሱ ጣጣ አለው። ናሙናው ዘግይቶ ከገባበት ወይም ሲበዛ ከሰነበተበት ዲኤንኤው ይቆራረጣል። እንዲህ ሲሆን «አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ «ዲኤንኤው ለምርመራ አይበቃም» ነው የሚባለው።

የክሮሞዞም ዝውውርን የሚፈልገው ፊሽ የተባለው ሌላ ምርመራ ግን ጥያቄው የጠራ ነው። ዴኒስ ቡርኪት በ1958 እ.ኤ.አ. ከኡጋንዳ የገለጸው የሕፃናት ሊምፎማ በአብዛኛው ማይክ ጂን ከክሮሞዞም 8 ወደ 14 ተዛውሮበት ይገኛል። ይህም ብቻውን አይፈርድም፤ የፎሊኩላር ሊምፎማ መለያ የሆነው የ14ና የ18 ዝውውር በጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥም በጥቂቱ ይታያል። ሐኪም ደውሎ «ጫፍ አለ?» ሲለኝ፣ ስላይዱ ላይ ያየሁትን ሳልነግረው አልመልስለትም።