«ጓርኒሲዮን» እና መዝገበ ቃላቶቻችን

የሙያ ቃላት አዘጋጅ ሥራው የሚፈተነው ከጽሕፈት ጠረጴዛው ይልቅ ቃሉ በሚነገርበት ሥፍራ ነው። ለአብነት ያህል በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚገኝን የሞተር ሳይክል መጠገኛ እንመልከት። በምዕራብ ጎጃም ገጠር በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ የከረመ ሞተር ሳይክል ድምፁ ተለውጦ ይመጣል። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ያዳምጥና «የማርሚታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ይላል። ረዳቱም ዕቃ ሻጩም ነገሩን ወዲያው ይረዱታል። መዝገበ ቃላቶቻችንስ ይረዱታልን?

ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶና ብሎን ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። «ማርሚታ» በምንጭ ቋንቋው ትልቅ ድስትንም ይጠራበታል፤ «ጓርኒሲዮን» ደግሞ የልብስ ጌጥንና ከምግብ ጎን የሚቀርበውን ማጣፈጫ ጭምር ያመለክታል። በእኛ ጋራዥ ግን ሁለቱም ሌላውን ትርጉማቸውን ጥለው የሙያውን ብቻ ይዘዋል። እንዲህ ያለ ቃል እንግዳ መባሉ ቀርቶ ቤተኛ መሆኑ ሊታወቅለት ይገባል።

የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ትልቁ ብርታቱ የቃላትን ሥርና ዘር መመርመሩ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ደግሞ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ አማርኛ ይሄዳል። ለተርጓሚና ለመምህር ይህ አደረጃጀት ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ «ጓርኒሲዮን» የሚለውን ብቻ የሚያውቅ ሠራተኛ በዚህ በር ሊገባ አይችልም። ነቀፌታችን በመጻሕፍቱ ድካም ላይ አይደለም፤ ከጋራዡ ቃል የሚነሣ በር ገና እንዳልተከፈተ ለማመልከት ነው።

አንዳንዶች «ማሸጊያ» በቂ ነው ይሉ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን በቂ አይደለም። ደብዳቤም፣ ካርቶንም፣ ጠርሙስም ይታሸጋል። «ማሸጊያውን ለውጥ» የሚል መመሪያ ያነበበ ተማሪ ቀለበቱን ትቶ የሚቀባ ማጣበቂያ ቢፈልግ ጥፋቱ የቃሉ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን፤

«ጓርኒሲዮን፦ በሁለት የተገጣጠሙ የሞተር ክፍሎች መካከል ተጨምቆ ጋዝ፣ ዘይት ወይም ውሃ እንዳይሾልክ የሚከላከል፣ የሚለወጥ ስስ አካል። የማርሚታ ጓርኒሲዮን፦ የጭስ ቱቦው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት አፍ የሚቀመጥ፣ ከመዳብ ወይም ሙቀት ከሚችል ሌላ ነገር የሚሠራ ቀለበት።»

«ተጨምቆ» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ተጨምቆ የመገጣጠሚያውን ቅርጽ ከያዘ በኋላ እንደገና በደንብ አይገጥምም፤ ቱቦው በተፈታ ቁጥር በአዲስ መለወጡ የሚመከረው ስለዚህ ነው። ዳዶዎቹም በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠብቁት ቀለበቱ ባንድ ወገን ብቻ እንዳይጨመቅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ፍቺ የሥራውንም ምክንያት ይዞ ይገኛል።

ከስሙ ይልቅ አደገኛው ግሡ ነው። አማርኛ ታንኩ ነዳጅ «ያፈሳል»፣ ጎማው «ይተነፍሳል»፣ ጭሱ «ይሾልካል» እያለ ይለያል። እንግሊዝኛ ሦስቱን ባንድ ቃል ስለሚጠራ «የጭስ ፍሰት መኖሩን አረጋግጥ» ብለን ብንተረጉም ተማሪው የቱቦውን ጫፍ አይቶ፣ ጭሱ በደንብ መፍሰሱን አረጋግጦ ይሄዳል። መፈተሽ የነበረበት ግን መገጣጠሚያው ነው። በዚያ ዙሪያ ጥላሸት መታየቱ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቶክ ቶክ የሚል ድምፅ መሰማቱ፣ በቀዝቃዛው መገጣጠሚያ ላይ የተቀባ የሳሙና ውሃ ሞተሩ እንደተነሣ አረፋ ማውጣቱ የመሹለክ ምልክቶች ናቸው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። እንግዲህ የአንድ ግሥ ስሕተት ከሰዋስው ስሕተትነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ጋራዡም ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። «ማርሚታ» ሲባል አንዳንዴ ድምፅ ማፈኛው፣ አንዳንዴ መላው ቱቦ ይሆናል፤ «ማርሚታው ሾለከ» የተባለ ባለንብረት የትኛው እንደሚለወጥ አያውቅም። ቱቦውን «የጭስ ቱቦ»፣ ድምፅ ማፈኛውን «ማርሚታ» ብሎ መለየት ይበጃል። በዚህ ረገድ የመዝገበ ቃላት ሰው ድርሻ ሕያውን ቃል አክብሮ መቀበል፣ ከዚያም ወሰኑን ማበጀት ነው። ቃሉን ከባለሙያው አፍ ሳይሰሙ አዲስ መፍጠር ግን ሰሚ የሌለው ቃል ማብዛት ይሆናል።