ቤታችን መድረሳ ሲሆን አስተማሪው ማን ነው?



ልጆቻቸውን በቤታቸው ለማስተማር የሚነሱ ሙስሊም ወላጆችን ማየት ደስ ያሰኛል። በተለይ ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥባቸው ቦታዎች ልጁ ግማሹን ቀን ቤት ስለሚውል፣ ግማሽ ቀን የሚሠራ ወላጅ ያንን ሰዓት ለቁርኣንና ለቀለም ትምህርት ቢያውለው ትልቅ ኸይር ነው። ነገር ግን በአያያዛችን ላይ ሊነቀፍ የሚገባው ነገር አለና እርሱን በግልጽ እንነጋገርበት።

የመጀመሪያው ጉድለት ቤትን ሁለተኛ ትምህርት ቤት ለማድረግ መሞከር ነው። ወላጅ ከሥራ ደክሞ ይገባል፤ ያመለጠውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ለማካካስ ልጁን ሦስት አራት ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ ሲያዛጋ ይቆጣል፣ ሲሳሳት አርጩሜ ያነሣል። በማግስቱ ሥራ ይበዛና ትምህርቱ ይቀራል፤ ከዚያም ሳምንቱ እንዲሁ ያልፋል። ኢብን ኸልዱን በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፉት «ሙቀዲማ» ይህንኑ ነቅፈዋል፤ ትምህርት ሲቆራረጥ መርሳትን እንደሚያመጣ፣ በሕፃናት ላይ የሚበረታ ቅጣትም ውሸትንና ማስመሰልን እንደሚያስተምር አስረድተዋል። ልብ በሉ! ዱላ ፈርቶ «ሐፍዣለሁ» ብሎ የሚዋሽ ልጅ ቁርኣንን ከፍርሃት ጋር አያይዞ ያድጋል። ነገ ራሱን ሲችል ሙስሐፉን ቢሸሽ ተጠያቂው ማን ነው?

«ጊዜ የለንም» የሚለው ምክንያትም ሲመረመር አይጸናም። እስቲ እንቁጠር። ጁዝ ዐማ 37 ሱራዎችና 564 አያዎች አሉት። ልጁ በቀን 2 አያ ብቻ ቢይዝ፣ ጁምዓ ለክለሳ ቢተውለት፣ በሳምንት 12 አያ፣ በ47 ሳምንት ጁዙን ጨረሰ ማለት ነው። ዓመት እንኳ አልሞላም! ለዚህ የምታስፈልገው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወይም በመግሪብና በዒሻ መካከል የምትገኝ ሩብ ሰዓት ናት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ሸክሙ ሁሉ በእናት ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው። ከሥራ መልስ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ልጅ ታስተምራለች፤ አባት ግን ለኡስታዙ የወር ክፍያ ከሰጠ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ትምህርቱ ሲስተጓጎልም «ሥራሽን ተዪ» ይላታል። ወንድሜ ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ ሲናገሩ ወንዱንም ለብቻ፣ ሴቷንም ለብቻ ጠቅሰዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ነቢዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መልሰዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። የአላህ መልእክተኛ ያልናቁትን የቤት ሥራ እኛ ምን ሆነን እንንቀዋለን? እናት ስታስተምር አባት ሕፃኑን ይያዝ፤ እርሱ ሲያስቀራ ደግሞ እርሷ ትረፍ።

ኡስታዝ መቅጠር መልካም ነው፤ እኔም በመድረሳ የማስተምር ነኝና የኡስታዝን ድርሻ አላሳንስም። ሆኖም ኡስታዝ ሐርፉንና ተጅዊዱን ያቃናል እንጂ፣ አዛን ሲሰማ በዚያ ቤት ማን ሥራውን ትቶ ወደ ሶላት እንደሚነሣ ለልጁ ሊያሳየው አይችልም። ይህ የወላጅ ትምህርት ነው፤ ደብተርም ደመወዝም አይጠይቅም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ሩብ ሰዓታችሁን ምረጡ፤ በየትኛው ቀን ማን እንደሚያስቀራ ተከፋፈሉ፤ አርጩሜውንም ከቤት አውጡ። ጥቂቷ ከተዘወተረች ትበቃለች።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።