ከ257ኛው ክፍል በኋላ

ባለፈው ዓመት አክስቴ ስልኳን አቀበለችኝና "ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚጮህ ነገር አድርግልኝ" አለችኝ። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ለቤተሰቡ የሚጠቅመው እንግዲህ ለዚህ ነው። "ምን ብዬ ልጻፍበት?" ስላት ትንሽ ዝም አለች። "ስም አታውጣለት" አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። አክስቴ 61 ዓመቷ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች 20 ዓመት ሆኗታል።

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ያፈርኩት ኤችአይቪ የሚለውን ቃል ስሰማ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው ሰው እሷን ስለማይመስል ነው። የመጣልኝ አልጋ ላይ የተኛ፣ አጥንቱ የወጣ ወጣት ነበር። እሷ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ቡና እየቀዳች ነው። ይሄን ሰውዬ ማን ሣለልኝ? ወደ ኋላ ሄጄ ያደግኩባቸውን ሥራዎች ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የእኔ ትውልድ ስለ ኤችአይቪ መጀመሪያ የሰማው ከሐኪም አይደለም። ብዙ ድምፃውያን አንድ ላይ ከዘፈኑት "ማለባበስ ይቅር" ነው፣ ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው፣ እናቶቻችን ወጥ ቤት ሆነው ከሚሰሙት ሬዲዮ ነው። ከሬዲዮው ሥራዎች ትልቁ "የቀን ቅኝት" ነበር። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ድራማ በ1994 ዓ.ም. ማብቂያ ተጀምሮ በ1997 መጀመሪያ ሲያልቅ 257 ክፍሎች ነበሩት። አሠራሩ ከሜክሲኮያዊው ሚጌል ሳቢዶ የመጣ ነው። ድራማው ውስጥ ጥሩ አርአያ የሚሆን ገጸ ባሕርይ ይኖራል፣ መጥፎ አርአያ ይኖራል፣ በሁለቱ መሐል እየዋለለ ቀስ በቀስ የሚለወጥም ይኖራል። አድማጩ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ውስጥ ነው።

ይሄን አሠራር "ፕሮፓጋንዳ ነው" ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ኤችአይቪ በሹክሹክታ ብቻ በሚነሳበት ጊዜ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ምርመራ እንዲሰማ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ድራማው ያለቀው በ1997 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ መንግሥት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት መድኃኒቱ በክፍያ ስለነበር ለአብዛኛው ሰው አይቀመስም ነበር። ማለትም 257ቱም ክፍሎች ተላልፈው ያለቁት አክስቴ የመጀመሪያውን እንክብል ከመዋጧ በፊት ነው።

ስለ ኤችአይቪ በልባችን የቀረው ነገር በአብዛኛው የተሠራው በዚያ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ቫይረሱ ማለት የታሪኩ መጨረሻ ማለት ነበር፤ ደራሲዎቹ አልዋሹም። መድኃኒቱ መጥቶ እውነቱ ሲለወጥ ግን ታሪኩን የቀየረልን የለም። እኛ ሙያ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። ኮዱ ሲጻፍ ልክ ነበር፣ ከዚያ ዓለም ተለወጠ፣ ኮዱ ግን ማንም ሳይነካው ዛሬም ይሠራል።

ስሙን እንኳን ተመልከቱ። በሽታው ያኔ በአማርኛ "አመንምን" ይባል ነበር፣ የሚያመነምን። አክስቴን ግን ሐኪም "ክብደት ቀንሺ" ብሏታል። ስኳር አለባት፣ ግፊቷን ትለካለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ያመነመናት ነገር የለም፤ አርጅታ ነው። ማርጀቷ ደግሞ የሕክምናው ውድቀት ሳይሆን ውጤቱ ነው።

ሁለተኛው ችግር ማን ለማን ይናገራል የሚለው ነው። "ማለባበስ ይቅር" የሚለውን ርዕስ ብቻ ውሰዱ። የሚናገረው ለሁላችን ነው፣ ልክም ነው። ግን ያኔ ከመድረክ ሲነገር የነበረውን ቋንቋ አስታውሱ፤ "ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን"። "ወገኖቻችን" ስንል የምናቅፍ ይመስለናል እንጂ እኛ እዚህ ነን፣ እነሱ እዚያ ናቸው ማለታችን ነው። እነሱ የነበራቸው ሚና ሁለት ነው፤ ወይ ማስጠንቀቂያ መሆን፣ ወይ ወጥቶ መመስከር። ሥራ የሚሄዱበት፣ ከጎረቤት ጋር የሚጣሉበት፣ ልጅ የሚድሩበት ሚና አልተጻፈላቸውም።

ከዚህ የወጣው "ቤተኛ" ነው። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በራሳቸው ድምፅ የዕለት ኑሯቸውን የሚተርኩበት የሬዲዮ ዝግጅት ነበር። ቤተኛ ማለት እኮ እንግዳ ያልሆነ ሰው ማለት ነው፤ ከ"ወገኖቻችን" እጅግ ይሻላል። ለእኔ የዚያ ዘመን ምርጥ ሐሳብ ይሄ ነው። ያኔ በአርባዎቹ የነበረ ሰው ግን ዛሬ ስድሳውን አልፏል። የዛሬውን ማስታወሻ ማን ይቅዳለት?

"ታሪክ መድኃኒት አይሆንም፣ ምን አስጨነቀህ?" የሚለኝ አይጠፋም። አክስቴ ሁለት ካርድ አላት፤ አንዱ የኤችአይቪ ክትትል፣ ሌላው የስኳር። ሁለቱ በተለያየ ጤና ተቋም ናቸው፣ አይተዋወቁም። እሷም እንዲተዋወቁ አልፈለገችም፤ የስኳር ሐኪሙ ቢያውቅ የሚያያት በዚያ አልጋ ላይ ባለው ሰውዬ ዓይን ስለመሰላት። ስለዚህ ዶሉቴግራቪር እንደምትወስድ አልነገረችውም። ዶሉቴግራቪር ደግሞ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ አብረው ሲታዘዙ ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። እሷ 2000 ትወስድ ነበር። ለአጥንቷ የታዘዘላት ካልሲየምም አለ። ካልሲየም ያለ ምግብ ከዶሉቴግራቪር ጋር ከተዋጠ ሰውነት የኤችአይቪውን መድኃኒት በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋል። አክስቴ በጾም ወራት ሦስቱንም ጠዋት በባዶ ሆዷ በአንድ ጉንጭ ውሃ ነበር የምትውጣቸው።

ይሄን ሁሉ ያመጣው ሬዲዮ ነው አልልም። ግን የፈራችው ሐኪሙን አልነበረም፤ ሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ አለ ብላ ያሰበችውን ሥዕል ነው። ያ ሥዕል እኔም ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ሥዕሉን ያላስተካከሉት ደራሲዎች ብቻ አይደሉም። የ2005፣ የ2011 እና የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ስለ ኤችአይቪ የጠየቋቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49፣ ወንዶች ከ15 እስከ 59 ዓመት የሆኑትን ነው። ምክንያት አለው፤ የጥናቱ ዋና ጉዳይ ወሊድና የእናቶችና የሕፃናት ጤና ነው። ቢሆንም 50 የሞላት ሴት ከጥያቄው ትወጣለች። በድራማው እዚያ ዕድሜ አትደርስም፣ በጥናቱ ደርሳ ትቀራለች።

ታዲያ ምን ይጻፍ? የጀግና ታሪክ አልፈልግም፤ "ቫይረሱን ድል ያደረገችው እናት" ምናምን ይቅርብን። እውነት ነው፣ የአክስቴ ኑሮ ለድራማ አይመችም። ደህና የሆነ ታካሚ ዛሬ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይወስዳል፤ በዓመት ሁለት ቀን ማለት ነው። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከተጫነ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። መድኃኒቱን ጠዋት መዋጥ፣ ነገም መዋጥ። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከእነዚህ ሁሉ የቤተሰብ ተከታታይ ድራማዎች በአንዱ፣ በሦስተኛው ክፍል እንክብሏን የምትውጥ አማት ትኑር። በአርባኛው ክፍል ደግሞ ስለ ሠርጉ ድግስ ትጨቃጨቅ፣ ታበሳጨን፣ ታስቀን። ኤችአይቪ ይኑርባት፤ ታሪኩ ግን ስለ ኤችአይቪ አይሁን።

አክስቴ ይሄን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ "ስሜን ብቻ እንዳታወጣ" ብላ። ባለፈው የስኳር ቀጠሮዋ አብሬያት ሄጄ ነበር። ገና ከመቀመጧ ሁለቱንም ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሐኪሙ አየ፣ ሜትፎርሚኑን ቀነሰ፣ ካልሲየሙን ወደ ማታ አዛወረ፣ "ቀጣይ" ብሎ ተጣራ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስንወጣ "ይኸው ነው እንዴ?" አለችኝ።