«ሙሌት» ወይስ «ማከያ»? ስለ አሉሚኒየም መበየጃ ዘንግ አሰያየም

የሙያ ቃላትን ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነቀፉት ቃላቸው ለጆሮ ሻከረ፣ ወይም ከግእዝ በተቀዳ ሥር ተጨናነቀ በሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ቃል ከሁለቱም ነቀፌታዎች ነጻ ነው። ለአፍ የቀለለ፣ አማርኛነቱ የማያጠራጥር፣ ለሰሚውም ወዲያው የሚገባ ቃል ነው። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ለሰሚው ወዲያው የሚገባው ነገር ስሕተት ነውና።

ቃሉ «ሙሌት ዘንግ» ይባላል። ያገኘነው ለሙያ ማሠልጠኛ እንዲያገለግል ከእንግሊዝኛ በተመለሰ አንድ የብየዳ መማሪያ ውስጥ ነው። የመጽሐፉን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ሥራው በጥቅሉ የሚመሰገን ሲሆን ዓረፍተ ነገሮቹም ከብዙ መሰሎቹ ይልቅ የጠሩ ናቸው። በመጨረሻው ላይ በተያያዘው የቃላት መፍቻ መሠረት ሙሌት ዘንግ ማለት በሁለት ተበያጅ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የሚቀልጥ፣ ከሚበየደው ብረት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ዘንግ ነው። በመጽሐፉ ገላ ውስጥ ግን ይኸው ነገር አንድ ጊዜ «ሙሌት ዘንግ»፣ ሌላ ጊዜ «የመበየጃ ዘንግ»፣ በአሉሚኒየም ምዕራፍ ደግሞ «ኤሌክትሮድ» እየተባለ ይጠራል። ክርክራችን በፍቺውና በዚህ በመጨረሻው ስም ላይ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ኤሌክትሮድ የሚለው ቃል በአገራችን ወርክሾፖች ከተለመደ ቆይቷል፤ የሚጠራውም በልባስ የተሸፈነውን፣ በመያዣው ጫፍ ተይዞ እየቀለጠ የሚያልቀውን ዘንግ ነው። በዚያ የብየዳ ዓይነት ዘንጉ ሁለት ሥራ አለው። የኤሌክትሪኩን ጅረት ያስተላልፋል፤ ራሱም ቀልጦ በመጋጠሚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ስም ሁለቱን ሥራዎች ቢሸከም የሚሳሳት አይኖርም። በቲግ ብየዳ ግን ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተዋል። ጅረቱን የሚያስተላልፈው የተንግስተን ኤሌክትሮድ ነው፤ ተንግስተን የሚቀልጠው በ3422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለ ሆነ ሙቀቱን ችሎ ይቆማል እንጂ ወደ መጋጠሚያው እንዲገባ አይፈለግም። ወደ መጋጠሚያው የሚገባው በበያጁ ሌላ እጅ የተያዘውና ጅረት የማያስተላልፈው ዘንግ ነው። እንግዲህ መማሪያው ኤሌክትሮዱን በቀለጠው ኩሬ ውስጥ እየነከሩ ማውጣትን ሲያዝዝ ተማሪው ምን ያድርግ? ቃሉን አምኖ የታዘዘውን ቢፈጽም ተንግስተኑ በአሉሚኒየም ይበከላል፤ አርኩ መስመሩን ይስታል፤ ከተንግስተኑም ቁራጭ ተሰብሮ በመጋጠሚያው ውስጥ ሊቀር ይችላል። አስተማሪው አጠገቡ ከሌለ ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅም።

የዚህ ልዩነት ምልክት በዘንጎቹ መለያ ላይ በግልጽ ታትሞ ይገኛል። በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደረጃ ከቁጥሩ በፊት «ኢ» እና «አር» የሚሉ ሁለት ፊደላት ይቆማሉ። «ኢ» ለኤሌክትሮድ፣ «አር» ለዘንግ ነው። ሁለቱ አብረው መቆማቸው ያው ቅይጥ ጅረት እየተላለፈበት በሚቀልጥ ሽቦ መልክም፣ ጅረት ሳይነካው በእጅ በሚጨመር ዘንግ መልክም ሊያገለግል ይችላል ማለት ነው። ተርጓሚያችን ፊደላቱን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ጥሎ ቁጥሩን ብቻ አስቀርቷል። ባይጥላቸው ኖሮ የሚፈልገው ልዩነት በእጁ ነበር።

በነገራችን ላይ የብየዳው ዓይነት ራሱ በስም አሰጣጥ ብዙ ተንከራትቷል። ራስል ሜሬዲዝ የተባሉት የኖርዝሮፕ አውሮፕላን ፋብሪካ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1942 ፓተንት ሲሰጣቸው መከለያው ጋዝ ሂሊየም ነበርና ስሙ «ሂሊያርክ» ተባለ። አርጎን ሲስፋፋ በአርጎን የሚጠሩት ተነሡ። ጀርመኖች በተንግስተኑ፣ እነርሱ ቮልፍራም በሚሉት፣ «ቪግ» አሉት። ስለዚህ በእኛም ወርክሾፕ «አርጎን ብየዳ» የሚል ሰው ቢገኝ የሚያሳፍር ነገር አልሠራም። ችግሩ አሉሚኒየም በሚግ ሲበየድም መከለያው ያው አርጎን መሆኑ ነው፤ ስሙ አይለይም። ይህን ለጊዜው እንተወው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሙሌት በአማርኛ ቤት ያለው ቃል ነው። መንገድ ሠሪዎች «ቁፋሮና ሙሌት» ይላሉ። በሰሚው ልቡና መጀመሪያ የሚሣለው ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ ቀጥሎ ያንን የሚደፍን ነገር ይመጣል። የሚደፍነው ነገር ምንነት ሁለተኛ ነው፤ መሙላቱ ይበቃል። ይህን ስንል የመንገድ መሐንዲሶች እንደሚቆጡን እናውቃለን፤ ለእነርሱ አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። ለተራው ሰሚ ግን ሙሌት ከግድግዳ ምርጊት ብዙ አይርቅም። ከዚህ ሥዕል ተነሥቶ ፍቺ የሚጽፍ ሰው የድንጋይ ግድግዳ በድንጋይ ይሞላል፣ አሉሚኒየምም በአሉሚኒየም ይሞላል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። መፍቻው «ከሚበየደው ብረት ጋር አንድ ዓይነት» ያለው በዚሁ መንገድ ይመስለናል።

ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ለማየት 6061 የተባለውን ቅይጥ መውሰድ ይበቃል። በውስጡ አንድ በመቶ ያህል ማግኒዚየምና ከዚያ ያነሰ ሲሊኮን ይገኛል። ይህ መጠን ቀልጦ በሚረጋበት ጊዜ ለመሰንጠቅ እጅግ የተጋለጠበት መጠን ነው። ሲረጋ በቅንጣቶቹ መካከል ስስ የፈሳሽ ሽፋን ይቀራል፤ ብረቱ እየቀዘቀዘ ሲኮማተር ያ ሽፋን ይሳባል፤ ክፍተቱን ሊሸፍን የሚችል በቂ ፈሳሽ ከሌለ ይከፈታል። መፍቻውን አምኖ ከዚያው ሉህ ላይ ቀጭን ልጥ ቆርጦ እንደ ዘንግ የሚጠቀም በያጅ የሚያገኘው መስመር ለዓይን ያማረና መካከሉ የተሰነጠቀ ነው። አምስት በመቶ ገደማ ሲሊኮን ያለበትን 4043 ቢጠቀም ግን ሲሊኮኑ ወደ ኩሬው ገብቶ የመጋጠሚያውን ይዘት ከአደገኛው መጠን ያርቀዋል፤ ዘግይቶ የሚረጋ ፈሳሽም ስለሚበዛ የተከፈተውን መልሶ ይዘጋዋል። አምስት በመቶ ገደማ ማግኒዚየም ያለበት 5356ም በሌላ አቅጣጫ ከዚያው መጠን ያወጣዋል።

ከሁሉ ይበልጥ «ሙሌት»ን የሚያፈርሰው ማስረጃ ደግሞ ይህ ነው። ሁለት የ6061 ሉሆች ጠርዛቸው እንከን በሌለው አኳኋን ተገጥሞ በመካከላቸው ቅንጣት ክፍተት ባይኖርም እንኳ ዘንጉ ያስፈልጋል። የሚሞላ ነገር በሌለበት የሚያስፈልግን ነገር በምን ምክንያት ሙሌት እንለዋለን? ዘንጉ የሚገባው የሚቀልጠውን ብረት ሌላ ቅይጥ ሊያደርገው ነው። ከምርጊት ይልቅ ለእርሾ ይቀርባል።

ስለዚህም ምርጫው የሚጀምረው ከሚበየዱት ቅይጦች ማንነት ሆኖ የሚያልቀው ዕቃው በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ከ4 በመቶ በላይ ማግኒዚየም ያለበትን፣ በመርከብ ሥራ የታወቀውን 5083 በ4043 የሚበይድ ሰው ሲሊኮኑና ማግኒዚየሙ ተዋሕደው ተሰባሪ ነገር ይሠሩበታል፤ ለዚህ 5183 ወይም 5356 ይመረጣል። 5356 በጥንካሬ ከ4043 ይበልጣል፤ ነገር ግን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ዕቃ ላይ አይመከርም፤ የበዛው ማግኒዚየም ከሙቀት ጋር ሲቆይ በውጥረት ሥር ለሚፈጠር የዝገት ስንጥቅ ያጋልጣልና። በበርና በመስኮት ሥራ የሚዘወተረው 6063 ደግሞ የላይ ቅርፊቱ በኤሌክትሪክ እንዲወፍርና እንዲያምር፣ አኖዳይዝ እንዲደረግ፣ ከታሰበ በ4043 የተበየደው መስመር ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ 5356 ከቀሪው ቀለም ጋር ይቀራረባል። በአንጻሩ ለተቀረጹ የሲሊኮን ቅይጦች፣ ለምሳሌ ለ356፣ 4043 የታወቀ ምርጫ ነው። የመማሪያው ምዕራፍ ይህን ሁሉ አንዱ ለጠንካራ፣ ሌላው ለቀላል ሥራ ነው ወደሚል አንድ መስመር ጠቅልሎታል። እንዲህ ያለው አጭር ቃል ለሚያስታውስ ሰው ይጠቅማል፤ ለሚማር ግን አይበቃም።

ፍትሕ ላለማጉደል፣ ፍቺው ፈጽሞ ሐሰት አለመሆኑን እንመሰክራለን። ንጹሕ ከሚባለው ከ1100 የተሠራ ሉህ በ1100 ዘንግ ይበየዳል፤ 5083ና 5183ም ወንድማማቾች ናቸው። ለፍቺው መሠረት የሆነውም እንዲህ ያለው ዘንግ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቃችን በፊት ወደ አንድ ወርክሾፕ ሄደን ነበር። አንድ አንጋፋ በያጅ ሁለት ዘንጎች በእጃችን አስይዘው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁን። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም እኩል ቀጭን ነበሩ። እርሳቸው ግን ጫፋቸውን በጣታቸው ጎንበስ አደረጉና ጠንከር ያለውን «ይህ አምስት ሺሁ ነው» አሉን፤ በዘንጉ ጫፍ የታተመውን ቁጥር ስናነብ 5356 ሆኖ አገኘነው። ዘንጉን በአማርኛ ምን እንደሚሉት ስንጠይቃቸው ግን ጥያቄው ግር አላቸው። እርሳቸው ሁልጊዜ የሚጠሩት በቁጥሩ ነበርና «አርባ አርባ ሦስት አቀብለኝ ነው የምለው» አሉን። ከዚህ የተማርነው በሙያው ውስጥ ስሙ ከቁጥሩ ተነጥሎ የማይቆም መሆኑን ነው። በመዝገበ ቃላቶቻችን ቁጥር እንደ ባዕድ ነገር ይሸሻል፤ እዚህ ግን የስሙ አካል ነው። አይ ኤስ ኦ 18273 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ከቁጥሩ ጋር ዋናውን ንጥረ ነገርና መጠኑን ያጽፋል።

ታዲያ ምን እንበለው? ከእንግሊዝኛው በር ወጥተን ጎረቤቶቹን ብንጠይቅ መልሱ የራቀ አይደለም። ፈረንሳዮች «ሜታል ዳፖር» ይሉታል፤ የሚመጣ፣ የሚቀርብ ብረት ማለት ነው። ጀርመኖች «ሽቫይስትሱዛትስ» ይላሉ፤ የብየዳ ጭማሪ ነው። የሩስያውም ቃል የተገኘው ከመጨመር ነው። መሙላትን ያጎላው እንግሊዝኛው ነው፤ የእኛ ተርጓሚዎችም የሚያንኳኩት አብዛኛውን ጊዜ ያንን አንድ በር ብቻ ስለ ሆነ ሥዕሉን ከነጉድለቱ ተቀብለዋል።

በበኩላችን «ማከያ» የሚለውን እናቀርባለን። አከለ ከሚለው ግስ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ የሚታከል፣ ታክሎም የታከለበትን ነገር የሚለውጥ መሆኑን ይናገራል፤ ክፍተት ይኑር አይኑር ግድ የለውም። በዘንግነቱ «ማከያ ዘንግ»፣ ለሚግ በጥቅልል ሲመጣ «ማከያ ሽቦ» ለማለት ይመቻል፤ «ሙሌት ሽቦ» ከማለት ይህ ይሻላል። ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ እናውቃለን። አከለ «እኩል ሆነ፣ ያህል ሆነ» የሚል ፍቺም አለው፤ ማከያንም ለጽሑፍ ተቀጥላ የሚጠቀሙበት አሉ። ሁለቱም ከብየዳ ሩቅ ስለ ሆኑ አያደናግሩም እንላለን። «ጭማሪ»ን አስበን የተውነው ከሚገባው በላይ የሆነ፣ የተረፈ የሚል ስሜት ስላለው ነው። «ብረት» የሚለው ቃል ለአሉሚኒየም መግባቱም ቅር የሚያሰኘው አንባቢ ይኖራል፤ ነገር ግን ብረታ ብረት ስንል ሁሉንም መጠቅለላችን የታወቀ ነው።

ፍቺውን እንዲህ ብንጽፈው ይበጃል ብለናል። «ማከያ ዘንግ፤ ስም፤ በብየዳ ጊዜ በቀለጠው ኩሬ እየታከለ ከተበያጁ ብረት ጋር በመዋሐድ የመጋጠሚያውን ቅይጥ የሚወስን፣ ጅረት የማያስተላልፍ ዘንግ። የሚመረጠው በተበያጆቹ ይዘትና በዕቃው አገልግሎት ነው። ከመለያው ጋር ይጻፋል፤ ምሳሌ፦ ማከያ ዘንግ ኢ አር 4043። ከኤሌክትሮድ ጋር አይምታታ።» ከተለመደው የመፍቻ መጠን ረዝሟል፤ ለማሳጠር ሞክረን የምንጥለው ቃል አላገኘንም።

አንድ ነገር ይቀረናል። በላይ የጠቀስነውን ስንጥቅ መማሪያው «ትኩስ ስንጥቅ» ብሎታል። ቃል በቃል ሲመለስ ትክክል ነው፤ በአማርኛ ግን ትኩስ ዳቦ፣ ትኩስ ወሬ እንደምንለው አሁን የተገኘ፣ አዲስ ማለትም ነው። ስለዚህ «በመስመሩ ላይ ትኩስ ስንጥቅ ቢታይ» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያነብ መርማሪ ትላንት ያልነበረ ስንጥቅ ሊፈልግ ይችላል፤ የተጠየቀው ግን ብየዳው ገና ሲረጋ የተፈጠረውን እንዲፈልግ ነው። «የመርጋት ስንጥቅ» የሚለውን ለጊዜው መርጠናል። በወርክሾፕ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቃል ሲነገር የሰማ አንባቢ ቢልክልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን።